ዝገት በደረቅ አገር
(በማኅበሩ የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ ክረምት ሥራችን ጥቂት ቃል እንድንናገር ሲጋብዘን ርእሳችሁ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀን «ዝገት» አልነው። ሳቀ። ከእሱም በኋላ የሳቁ አልጠፉም። አሮጌ ብረት ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ይጣላል፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እኛ ግን በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ዝገት ያለ ውሃ እንደማይሆን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረናል። እንግዲያስ ዝናብ በዓመት ለጥቂት ቀን ብቻ በሚጥልበት፣ የታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ ሳይቆይ በሚደርቅበት በዚህ በአፋር ቆላ፣ የአንድ ፒክአፕ መኪና ሻሲ በጣት እስኪበሳ ድረስ እንዴት ሊበላ ቻለ?

መኪናው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው፤ በተለምዶ 45 የሚባለው፣ ኋላው ክፍት የሆነው ዓይነት። በወላጆቻችን የልጅነት ዘመን የተሠራ ነው። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ካምቢዮውም ደኅና ነው። ባለቤቱ ከአፍዴራ የጨው ጆንያ ሲያመላልስበት ብዙ ዓመት ኖሯል። የአፍዴራ ጨው ዛሬ በየቤታችን ወጥ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ የአሰብ ጨው ሲቋረጥ አገሪቱ ፊቷን ያዞረችው ወደዚህ ሐይቅ ነበር። እኛ አራት ተማሪዎች፣ ሦስታችን የሜካኒክስ አንዳችን የኬሚስትሪ፣ በክረምቱ ዕረፍት አዋሽ ሰባት ኪሎ በአንድ ጋራዥ ሥራ ስንለማመድ መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ መጣ። ባለቤቱ የጠየቀው ነገር አጭር ነበር፤ ቀዳዳው ይደፈን፣ ቀለም ይቀባ፣ ከመስከረም በፊት ይለቀቅልኝ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ መኪናው ወደ ሰመራ ሄዶ ውሃና ዕቃ፣ በገበያ ቀንም ሰው ሊጭን ነው። ይህን «ሰው ሊጭን» የሚለውን ቃል እባካችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ስለ ዝገቱ ጠባይ እንናገር። ብረት በውሃና በኦክሲጂን መካከል ሲሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ባትሪ ይሆናል። አንዱ ቦታ ብረቱ ይሟሟል፤ ሌላው ቦታ ኦክሲጂኑ ይሠራል፤ በሁለቱ መካከል ኤሌክትሪክ ያልፋል። ኢቫንስ የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ዓመታት አንዲት የጨው ውሃ ጠብታ በንጹሕ ብረት ላይ አኑሮ ይህን በግልጽ አሳየ። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ብረቱ ከጠብታው ዳር ይበላል፣ አየር የሚያገኘው ዳሩ ነውና ብሎ ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አየር የማይደርስበት የጠብታው መካከል ተበላ፤ ዳሩ ዳነ። ይህ ነገር ለመካኒክ ትልቅ ትምህርት አለው። መኪና የሚበላው ነፋስ በሚነካው በጎኑ ሳይሆን በጭቃ ሥር፣ በጎማ ምንጣፍ ሥር፣ በስቱኮ ሥር፣ ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ዐይን በሚያየው ላይ ቀለም መቀባት ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዐይንን ማከም እንጂ መኪናን ማከም አይደለም።

አሁን ወደ ደረቁ አገር እንመለስ። ቨርነን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት፣ እሱም በዚያው ዘመን ገደማ፣ ንጹሕ ብረት በአየር ውስጥ በፍጥነት መዛግ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 60 ገደማ ሲያልፍ መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በታች ከሆነ ዝገቱ ያዘግማል። በዚህ ሒሳብ ሰመራ ላይ በቀትር የቆመ መኪና ምንም ሊያሰጋው አይገባም ነበር። ነገር ግን ጨው ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል። ጨው ከአየር ውሃ ይስባል። ንጹሑ የገበታ ጨው እርጥበቱ ከመቶ 75 ሲደርስ ራሱ ይቀልጣል። ሳይጣራ ከሐይቅ የሚወጣ ጨው ደግሞ ከሱ ጋር ማግኔዝየም ክሎራይድ ይኖርበታል፤ ይህኛው ከመቶ 33 በሆነ እርጥበት እንኳ ይረጥባል። እናቶቻችን በክረምት የጨው ዕቃ ከምድጃ አጠገብ የሚያኖሩት ለምን እንደ ሆነ ያውቁታል። እንግዲህ ሰው ሁሉ ደርቋል ብሎ በተኛበት ሌሊት፣ በሻሲው ሆድ ውስጥ ያለው ጨው ከአየሩ ውሃ እየጠጣ ያድራል። ወደ ንጋት ላይ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይጨመርበታል። ረፋድ ላይ ይደርቃል፤ ማታ ይደገማል።

ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። ክሎራይድ በዝገት ሥራ ውስጥ አያልቅም። ከብረቱ ጋር ይጣመራል፤ ያ ጥምረት ከውሃና ከኦክሲጂን ጋር ሲገናኝ ብረቱ ዝገት ሆኖ ይቀራል፣ ክሎራይዱ ግን ተፈትቶ እንደ ገና ወደ ደኅናው ብረት ይሄዳል። አንድ ቁንጥር ጨው ካልታጠበ በቀር ሥራውን ሳይጨርስ ይኖራል ማለት ነው። በዴልሂ ከተማ 1600 ዓመት ያህል የቆመ የብረት ዓምድ አለ፤ ብዙ ሳይዝግ ኖረ ብለው ሊቃውንት የሚደነቁበት ነው። ብረቱ ፎስፎር የበዛበት በመሆኑ ላዩ ላይ ቀጭን መከላከያ እንዳበጀ ይናገራሉ። እኛ ግን ያ ዓምድ የጨው ጆንያ ተሸክሞ እንደማያውቅም እናስታውሳለን።

ጨው በዚህ ሸለቆ ከጨው ነጋዴው ጋር ብቻ የሚመጣ አይደለም። አዋሽ ወንዝ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ከተራራ የሸረሸረውን ጨው ሁሉ እዚሁ ይዞ ይቀራል። በአሚባራና በመልካ ሰዲ የጥጥ እርሻዎች ላይ መስኖው ከሥር ያለውን ውሃ ከፍ አድርጎ መሬቱ ጨው እንዳወጣ የግብርና ተማሪዎቻችን ይነግሯችኋል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ጨዋማ ውሃው ባለፉት ስድሳ ዓመታት እየሰፋ ሄዶ የመኪናውን መንገድና የባቡሩን ሐዲድ ተጋፍቷል። ስለዚህ ከአዋሽ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የሚገባ መኪና ሁሉ፣ ጨው ቢጭንም ባይጭንም፣ አቧራው ከጨው ነጻ ነው ብሎ መማል አይችልም።

ሥራውን የጀመርነው በመዶሻ ነው። የጋራዡ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ብየዳ የተማሩት በልጅነታቸው ከባቡር ሠራተኞች ነው። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ የጉዞው አንድ ዋና ማረፊያ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ በዚህች ከተማ ብረት የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። ጋሼ መኪናውን በክሪክ አስነሡትና በትንሽ መዶሻ ሻሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመቱ አዳመጡ። ደኅናው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይደፈናል። በኖራ ምልክት አደረግን። ከዚያ በኋላ በሹል ብረት ወጋን። ከጭነቱ ወለል ሥር፣ ከኋላው ባሌስትራ ማንጠልጠያ አጠገብ፣ ከዚህ በፊት የሠራ ሰው የለጠፈው ላሜራ ነበረ፤ ላዩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ላይ ጥቁር ቀለም። ሲታይ ደኅና ይመስላል። በግራይንደር ስንገልጠው ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተነባበረ ዝገት ወጣ። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ስፋት ስላለው ላሜራውን ከውስጥ ገፍቶ ብየዳውን ሰንጥቆታል። የሻሲው ግድግዳ ደኅና በሆነበት ቦታ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ላይ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አልሞላም፤ በአንዱ ጥግ ጭራሹን አልነበረም።

እንግዲህ «ሰው ሊጭን» ያልነው እዚህ ላይ ነው። ባሌስትራው የሚንጠለጠልበት ቦታ ቢለቅ የኋላው እግር ይጣመማል። ከሚሌ ወዲህ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ መኪና ምን ያህል እንደሚሮጥ፣ በገበያ ቀንም በአንድ ፒክአፕ ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም ሁላችሁም አይታችኋል። ለባለቤቱ ነገርነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። ዕዳ አለበት፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ቤቱ ይጎዳል። የቀድሞው ሠራተኛ እንዳደረገው ላሜራ ለጥፋችሁ ስጡኝ፣ ለአንድ ዓመት ቢያገለግለኝ ይበቃኛል አለ። ከኛም መካከል አንዱ ገንዘቡ የሱ ነው፣ መኪናውም የሱ ነው፣ እኛ ተለማማጆች ነን ብሎ ተከራከረ። ሌላው ደግሞ በጭነቱ ላይ የሚቆሙት ሰዎች የሱ አይደሉም ብሎ መለሰለት። ይህ ክርክር አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ምሕንድስና ሥነ ምግባር ከሰማነው ሁሉ ይልቅ ያ ቀን አስተማረን ብንል መምህሮቻችን አይቀየሙንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ጋሼ በክርክሩ አልገቡም። ባለቤቱን በእጁ ይዘው ከመኪናው ሥር አስገቡትና መዶሻውን ሰጡት። ደኅናውን ቦታ መታ፤ የተበላውንም መታ። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተኛ በኋላ ወጥቶ ይቆረጥ አለ። ለወፍራሙ ላሜራና ለኤሌክትሮዱ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ መኪናውም ከመስከረም በፊት አልደረሰም። ይህን የምንናገረው ደኅና ሥራ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ድኻ መሆኑን እንዳንረሳ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ እንደ ሥራም አሰልቺ ነው። ነገር ግን ሦስት አራት ነገር ብንነግራችሁ ለራሳችሁም ለወንድሞቻችሁም መኪና ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ማጠብ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሽቦ ብሩሽ ያነሣል። ጨው ያለበትን ዝገት በደረቁ ብትቦርሹት ጨዉን ወደ ብረቱ ቀዳዳ ትሞሉታላችሁ፤ ላዩም ያብለጨልጫልና ጨረስን ትላላችሁ። የላላውን ዝገት ቀረፍነው፤ ከዚያ በሙቅ ውሃ ደጋግመን አጠብን፤ ሻሲው ውስጡ ባዶ ሳጥን ስለ ሆነ በየቀዳዳው ቱቦ እያስገባን ከውስጥ አጠብነው። የወጣው ጭቃ አንድ ባልዲ ሞላ። መቼ ይበቃል ለሚለው የኬሚስትሪ ጓደኛችን መልስ ነበረው። ከሚወጣው ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ይቀበልና አንድ ሁለት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ይጨምርበታል፤ ክሎራይድ ካለ ውሃው እንደ ወተት ይነጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ የአገራችን ነገር አለ። የቧንቧው ውሃ ራሱ ሳይታጠብበት ይነጣ ነበር! በዚህ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጨው አያጣምና። ስለዚህ የቧንቧውን ውሃ በአንድ ብርጭቆ፣ ከሻሲው የወጣውን በሌላ ብርጭቆ አድርገን ንጣታቸውን አስተያየን። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ በቧንቧ ውሃ፤ መጨረሻውን ደግሞ ለባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ። የባትሪ ውሃ ለመኪና ማጠቢያ ማዋል ቅንጦት ነው ያሉን ነበሩ። አራት ጄሪካን ነው የፈጀው፤ ከአንድ ባሌስትራ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

የቆላው ፀሐይ እዚህ ላይ ወዳጅ ሆነልን። በደጋ አገር የታጠበ ብረት ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ ብጫ ዝገት ያወጣል። አዋሽ ላይ ግን ውሃው ብረቱ ላይ ብዙ አይቆይም፤ የተጨመቀ አየር ወደ ስንጥቆቹ ከተነፋበት ቀሪውን ሥራ ፀሐዩ ይጨርሰዋል።

ስለ አሲድ ብዙ ተጠይቀናል። በየጋራዡ የባትሪ አሲድ በዝገት ላይ የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ። ዝገቱን ይበላል፤ እሱን ሲጨርስ ግን ብረቱን ይቀጥላል፤ በላሜራ ስንጥቅ ገብቶም አይወጣም፤ የሠራተኛውን እጅና ዐይን ደግሞ አይምርም። ፎስፎሪክ አሲድ የተሻለ ነው፤ ከቀረው ቀጭን ዝገት ጋር ተጣምሮ የብረት ፎስፌት ስለሚሆን ቀለም ይይዝለታል። በቆርቆሮ የሚሸጡት የዝገት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ከዚህ አሲድ ወይም ከታኒን የተሠሩ ናቸው። ታኒን ማለት ቆዳ ፋቂ የሚያውቀው፣ በግራር ልጥና በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ነገር ነው፤ ዝገቱን ወደ ጥቁር ይለውጠዋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ቀዳዳን የሚሞላ፣ የሳሳ ብረትን የሚያወፍር መድኃኒት በዓለም ላይ የለም፤ የሚሸጥላችሁ ሰው ቢምልም አትመኑት።

ሻሲውን እስከ ደኅናው ብረት ድረስ ቆርጠን በዚያው ውፍረት ባለው ላሜራ ተካነው። ብየዳው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ሻሲውን እንዲያቋርጥ ጋሼ አልፈቀዱም፤ ቀጥ ያለ ብየዳ ጭነቱ ሲወዛወዝ ልክ በመስመሩ ላይ ይሰነጠቃል። ከውጭ የሚደረበው ማጠንከሪያ ጫፉ ሾጠጥ ብሎ ስለት እንደ ሆነ የጦር ጫፍ እንዲቆረጥ አደረጉ፤ ኃይሉ በአንድ ቦታ እንዳይሰበሰብ ነው። ለወለሉ የቤት ቆርቆሮ ይበቃል ያለን ሰው ነበረ። የቤት ቆርቆሮ የሚጠብቀው ዚንክ ነው፤ ምስማር ቢጭረው እንኳ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ይበላል፤ ጣሪያችን ቶሎ የማይዝገውም ለዚህ ነው። በብየዳ ሲነካ ግን ዚንኩ ይቃጠላል፤ ጢሱም ሠራተኛውን እንደ ወባ በብርድና በትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። ዚንኩ የሚያስፈልገን ከብየዳ በኋላ፣ በቀለም መልክ ነው።

ቀለም የቀባነው ማለዳ ነው፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ብረቱም ሳይግል። በቀትር ብትቀቡ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃልና ከሥሩ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራውን ያመጣል። ዚንክ ያለበት አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከላዩም ቀለም። ለሻሲው ውስጥ ቀለም አይደርስምና ግራሶ በንጹሕ ዘይት አቅጥነን ረጨንበት። የተቃጠለ ዘይት የማይሆነው ለምንድን ነው ብላችሁ እንደምትጠይቁን እናውቃለን፤ የአገሩ ሹፌር ሁሉ የመኪናውን ሆድ በሱ ይቀባልና። በፍጹም አይረባም አንልም፤ ውሃን ያርቃል። ነገር ግን ከሞተሩ አሲድና ቆሻሻ ይዞ ይወጣል፤ ጎማዎቹን ያላላል፤ በጨዋማ አቧራ ላይ ሲጨመር እንደ ሊጥ ይሆንና ያንኑ የኢቫንስን ጠብታ በመኪናው ሆድ ላይ ይለጥፋል። በምድር ላይ ሲንጠባጠብ የሚያደርሰውን ጉዳት የግብርና ተማሪዎች ይናገሩት።

መኪናው በጥቅምት መጀመሪያ ሰመራ ገባ፤ እኛም በጭነቱ ላይ ሆነን መጣን። የሻሲው ሥራ አልቋል። የበሮቹ ታችና የፊተኛው ግራ ፓራፋንጎ ገና ናቸው፤ በበሮቹ ውስጥ ያለው ጨውም አልታጠበም። ባለቤቱ ጭነት በማይኖርበት ቀን መኪናውን ሊያመጣልን ተስማምቷል፤ የመጀመሪያው ቀን የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከዎርክሾፑ በስተጀርባ እንጀምራለን። ሲልቨር ናይትሬቱ አለን፤ መዶሻም አለን። የሚያስፈልገን ውሃ ነውና የምትመጡ ጓደኞቻችን እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጄሪካን ይዛችሁ ኑ፤ የእጅ ጓንት ያላችሁም አትርሱ።